መጀመሪያ በሜትር ለካው፦ ስለ ድሮ የፊልም ፖስተር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው ይሄ ነው፦ «የ1958ቱን የቨርቲጎ ፊልም ፖስተር ኦንላይን አገኘሁ። ሻጩ ኦሪጂናል ነው፣ ያኔ ሲኒማ ቤት ተሰቅሎ የነበረ ነው ይላል። 24 በ36 ኢንች ነው፣ አንዴም ታጥፎ አያውቅም፣ ወረቀቱ ነጭ በነጭ፣ ጫፉ እንኳን ያልተነካ። 600 ዶላር ብሎኝ ግማሹን ከፍያለሁ። እንዳይበላሽብኝ ላሚኔት አስደርጌ ልሰቅለው ነው ያሰብኩት። ሌላ ደግሞ ‹አማራጭ ፖስተር› የሚሉት፣ አርቲስት የሳለው፣ ከስሩ በእርሳስ 45/250 ተብሎ የተፃፈበት አለኝ ብሏል፣ ቁጥሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ዋጋው ቶሎ ይጨምራል አለኝ። ሁለቱንም ልግዛ? ገንዘብ ማስቀመጫስ ይሆናል?»

የቀረውን ግማሽ እንዳትከፍል፣ የከፈልከውንም መልስልኝ በለው። አንተ እንደ ጥሩነት የዘረዘርካቸው ሶስት ነገሮች፣ መጠኑ፣ አለመታጠፉና ንጣቱ፣ እኔን ያስጠረጠሩኝ እነሱው ናቸው። አራተኛው ዋጋው ነው፤ የቨርቲጎ የመጀመሪያ እትም፣ ያ ሶል ባስ የነደፈው ብርቱካናማው፣ ይዞታው ደህና ከሆነ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ነው የሚሸጠው። ይሄን የሚያውቅ ሰው በ600 አይሰጥህም፣ የማያውቅ ሰው ደግሞ ኦሪጂናል ነው ብሎ ሊምልልህ አይችልም።

ከመጠኑ ልጀምር፣ ምክንያቱም አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ካለህ ሌላ ምንም ሳታወጣ የምታየው እሱን ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲኒማ ቤት መግቢያ ላይ የሚሰቀለው መደበኛ ፖስተር ዋን ሺት ይባላል፣ መጠኑ እስከ 1980ዎቹ ድረስ 27 በ41 ኢንች ነበር፣ 27 በ40 የሆነው ከዛ ወዲህ ነው። ሌሎችም መጠኖች አሉ፣ ሎቢ ካርድ 11 በ14፣ ሃፍ ሺት 22 በ28፣ ኢንሰርት 14 በ36፣ ትልቁ ስሪ ሺት 41 በ81። የእንግሊዙ ኳድ በአግድም የተኛ 30 በ40 ነው፣ የጃፓኑ ቢ2 ወደ 20 በ29፣ የፈረንሳዩ ግራንድ 47 በ63 ገደማ። 24 በ36 የሚባለው ግን ሱቅ ላይ ለመኝታ ቤት ግድግዳ የሚሸጠው መጠን ነው፣ በ1958 የትኛውም ሲኒማ ቤት ለዚህ የሚሆን የፖስተር ማሳያ ሳጥን አልነበረውም። ግማሽ ኢንች ብትጎድል ጠርዙ ተቆርጦ ይሆናል ብለን እንከራከር ነበር፣ አምስት ኢንች ስትጎድል ግን ክርክር የለም።

ሁለተኛው መታጠፉ ነው፣ እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ ነው የሚሳሳተው። የመታጠፍ መስመር ሲያይ ተበላሽቷል ብሎ ይሸሻል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የአሜሪካ ዋን ሺት ከማተሚያ ቤት ሲወጣ ታጥፎ ነው የሚወጣው፣ ሶስቴ በአግድም አንዴ በቁም፣ ስትዘረጋው ስምንት ክፍል ይሆናል። ምክንያቱም በፖስታ ለሺዎች ሲኒማ ቤቶች የሚላክ የስራ ዕቃ እንጂ ማንም እንደ ስዕል አላየውም። ተጠቅልሎ የተረፈ የ50ዎቹ ፖስተር የለም አልልህም፣ አለ፣ ግን እንዲህ አይነቱ ሲመጣ ከየት እንደመጣ አጥርቶ የሚያስረዳ ታሪክ አብሮት መምጣት አለበት። ከ90ዎቹ ወዲህ ያለ ፊልም ከሆነ ደግሞ ህጉ ይገለበጣል፣ ያኔ ተጠቅልሎ ነው መምጣት ያለበት፣ ብዙ ጊዜም ጀርባው ላይ ምስሉ ተገልብጦ ደብዘዝ ብሎ ታትሟል፣ ከኋላ መብራት ባለበት ሳጥን ውስጥ ሲገባ ቀለሙ እንዲደምቅ ተብሎ።

የታጠፈ መሆኑ ብቻውን ደግሞ አያድንህም፣ ይሄን ከራሴ ነው የምነግርህ። በጀማሪነቴ ጊዜ አንድ የ50ዎቹ ፖስተር ገዛሁ፣ የመታጠፊያው መስመር አለ፣ አራቱም ጥግ ላይ የመርፌ ቁልፍ ቀዳዳ አለ፣ በአንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ትንሽ ቡናማ የዝገት ክብ ሁሉ አለው፣ ደስ አለኝ፣ እቃው ስራ ሰርቷል አልኩ። ማታ መብራት ላይ ወደ ላይ ስይዘው ብርሃን በቀዳዳው አላለፈም። ቀዳዳ አልነበረም፣ የቀዳዳ ፎቶ ነው የታተመው። በመስመሩ ላይ ጣቴን ሳሄደው ልስልስ ያለ ወረቀት፣ ምንም የሚይዝ ነገር የለም። አንድ እውነተኛ ፖስተር ስካን ተደርጎ ከነጉዳቱ ተባዝቷል። ሻጩም ይሄን ሳያውቅ ይሆናል የሸጠልኝ፣ ለኪሴ ግን ልዩነት የለውም። ስለዚህ አይንህ መስመር ካየ ጣትህ ይጠይቀው።

አሁን ወደ ታችኛው ቀኝ ጥግ ሂድ። ከ1940 ጀምሮ እስከ 80ዎቹ ድረስ አብዛኛውን የአሜሪካ ፖስተር የሚያከፋፍለው ናሽናል ስክሪን ሰርቪስ የሚባል ድርጅት ነበር፣ ነጩ ጠርዝ ላይ ቁጥር ያትም ነበር፣ መጀመሪያ ዓመተ ምህረቱ፣ ከዛ ሰረዝ፣ ከዛ የፊልሙ ተራ ቁጥር። የ1977ቱ ስታር ዋርስ 77/21 ነው። የ1958 ፊልም ከሆነ በ58 መጀመር አለበት ማለት ነው። ከፊቱ አር የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ካየህ ፊልሙ ከዓመታት በኋላ እንደገና ሲታይ የወጣ እትም ነው፣ እሱም እውነተኛ የሲኒማ ቤት ፖስተር ነው፣ ዋጋው ግን ሌላ ነው፣ ብዙ ሻጭ እቺን ፊደል በጣቱ ሸፍኖ ፎቶ ያነሳታል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቁጥሩ ስካን ሲደረግ አብሮ ይቀዳል። አለመኖሩ ያስጠረጥራል፣ መኖሩ ግን ምንም አያረጋግጥም።

የሚያረጋግጥልህ ህትመቱ ነው። አስር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ማጉያ መነፅር ግዛ፣ የሰአት ሰሪዎቹ አይነት፣ በዚህ ስራ ከዛ የሚበልጥ መሳሪያ የለም። ከታች ያሉትን ደቃቃ ፅሁፎች ተመልከት። በኦሪጂናል ላይ ጥቁሩ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ቀለም ነው፣ ጠርዙ ጥርት ያለ። ስካን ተደርጎ በተባዛው ላይ ግን ፊደሉ ራሱ በቀይ በሰማያዊ በቢጫ ነጠብጣብ የተሰራ ይሆናል፣ ዳርና ዳሩ ይደበዝዛል፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ፊደል መሆኑን አያውቅም፣ ፎቶ ነው ብሎ ነው ያተመው። በምስሉ ላይ ነጠብጣብ ማየትህ ግን አያስደንግጥህ፣ በኦፍሴት ማተሚያ ማሽን የታተመ ሁሉ አለው። ከዛ በፊት የነበሩት፣ በተለይ የ20ዎቹና የ30ዎቹ፣ ብዙዎቹ በድንጋይ ሊቶግራፊ (ምስሉ ድንጋይ ላይ ተስሎ ወደ ወረቀት በሚታተምበት ዘዴ) የተሰሩ ናቸው፣ እነሱ ላይ የተደረደረ ነጠብጣብ ሳይሆን የኖራ ድንጋይ ላይ በክሬዮን እንደተሳለ አይነት ሸካራ ፍንጥቅጣቂ ነው የምታየው። አንዴ በቅርብ ካየኸው አይጠፋህም።

ስለ ንጣቱ። የዛን ጊዜ ፖስተር በርካሽ የእንጨት ወረቀት ላይ ነው የታተመው፣ ውስጡ ያለው ሊግኒን የሚባል የእንጨት ንጥረ ነገር አየርና ብርሃን ሲያገኝ ቀለሙ ይቀየራል፣ ጠርዙ ቢጫ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ይደርቃል። ከስልሳ አመት በላይ ኖሮ የፎቶ ኮፒ ወረቀት የመሰለ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ወይ በኬሚካል ታጥቧል ወይ ትናንት ነው የታተመው። ጥቁር መብራት የሚሉትን አልትራቫዮሌት ባትሪ ብዙ ሰው ይመክራል፣ ዘመናዊ ወረቀት ውስጥ ያለው ማንጫ ኬሚካል በሱ ስር ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ለ30ዎቹና ለ40ዎቹ ፖስተር በጣም ይጠቅማል፣ ለ1958 ግን ብቻውን አይበቃም፣ በዛ ጊዜ ኬሚካሉ ወረቀት ውስጥ መግባት ጀምሮ ነበር። የተጠገነ ቦታና አዲስ ቀለም ግን በየትኛውም ዘመን ወረቀት ላይ ቶሎ ያጋልጥልሃል።

ወረቀቱ ያረጀ ነው ማለት ደግሞ ህትመቱ ያረጀ ነው ማለት አይደለም። በ2009 አካባቢ የ1930ዎቹ አስፈሪ ፊልሞች ፖስተሮችና ሎቢ ካርዶች በርከት ብለው ፎርጅድ ሆነው ተገኝተው ገበያው ተናውጦ ነበር፣ የተታለሉት እንደኔና እንዳንተ ያሉ ሳይሆኑ ስንት አመት በዚህ ስራ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ያረጀ መስሎ እንዲታይ ተደርጎ ስለተሰራ ነው ያለፋቸው። ለዚህ ነው ትልቅ ብር የሚወጣበት ነገር ለማጠናከሪያ በአቡጀዲ ጨርቅ ላይ ተለጥፎ ከመጣ ከመለጠፉ በፊት የተነሳውን ፎቶ ካላየሁ የማልነካው፣ ጀርባው ተሸፍኗላ።

አሁን ብርቅ የሚለውን ቃል እናፍታታው፣ ሻጩ ሁለት የተለያየ ነገር በአንድ ቃል ጠቅልሎ ነው ያቀረበልህ። የድሮ ፖስተር ብርቅ የሆነው ማንም እንዲቆይ ስላልፈለገ ነው። ብዙዎቹ ላይ ንብረትነቱ የአከፋፋዩ ነው፣ ፊልሙ ሲያልቅ ይመለስ የሚል ፅሁፍ አለ። ተመልሶ ለሌላ ሲኒማ ቤት ይሄዳል፣ እስኪቀደድ ይሰቀላል፣ ከዛ ይጣላል። በሁለተኛው የአለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ በተደረገው የወረቀት ማሰባሰብ ዘመቻ ብዙው ተፈጭቶ አልቋል። የተረፈው በአጋጣሚ ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ በርዊክ በምትባል ከተማ በግድግዳ ወረቀት ሙጫ ተደራርበው የተጣበቁ 33 የ30ዎቹ ፖስተሮች ተገኝተው፣ በእንፋሎት አንድ በአንድ ተላቀው በ2012 በጨረታ ከ500 ሺህ ዶላር በላይ አውጥተዋል። ሄንዝ ሹልዝ ኖይዳም የሰራው የ1927ቱ የሜትሮፖሊስ ትልቅ ፖስተር፣ ተረፈ የሚባለው አራት ብቻ ነው፣ አንዱ በ2005 በ690 ሺህ ዶላር ተሽጧል። የ1931ዱ ድራኩላ በ2017 ከ525 ሺህ ዶላር በላይ ወጣ። እነዚህን ቁጥሮች የማነሳው እንድትጓጓ አይደለም፣ ድሮ ስለሆኑ ብቻ እንዳልተወደዱ እንድታይ ነው። ማንም የማያስታውሰው የ1931 ፊልም ፖስተር፣ በአለም ላይ አንድ ብቻ ቢቀርም፣ ፈላጊ ከሌለው ብርቅ ሆኖ ርካሽ ነው።

አማራጭ የሚባለው ደግሞ ሁለት መንደር ነው። አንደኛው የሌላ አገር ፖስተር ነው፣ እኔ በግሌ ልቤ ያለው እዚህ ነው። ፖላንድ ውስጥ ከጦርነቱ በኋላ ፊልም የሚያከፋፍለው መንግስት ስለነበር ኮከቡን በትልቁ ሳሉልኝ፣ ስሙን ከላይ አድርጉልኝ የሚል የስቱዲዮ አለቃ አልነበረም፣ እነ ሄንሪክ ቶማሼቭስኪ፣ እነ ያን ሌኒሳ ፊልሙን አይተው የተሰማቸውን ሳሉ። ዋርሶ ቪላኑፍ ውስጥ ያለው የፖስተር ሙዚየም በ1968 ነው የተከፈተው፣ እስቲ አስበው፣ ሌላው አለም ገና እየጣለው እያለ። ኩባም በ1959 የፊልም ተቋሟን ካቋቋመች በኋላ በእጅ ስክሪን ፕሪንት (በተወጠረ ጨርቅ ቀለም አሳልፎ በማተም) የሚሰሩ፣ 51 በ76 ሴንቲሜትር ገደማ የሆኑ ፖስተሮች ታወጣ ነበር፣ እነ ኤድዋርዶ ሙኞዝ ባክስ የሰሯቸው። ጋና ደግሞ በ80ዎቹና በ90ዎቹ ቪዲዮና ጄኔሬተር ይዘው እየዞሩ ፊልም የሚያሳዩ ሰዎች በተሰፋ የዱቄት ከረጢት ላይ በእጅ ያስሏቸው ነበር፣ ፊልሙ ውስጥ የሌለ እባብና የተቆረጠ ጭንቅላት ሁሉ ተጨምሮበት (ሰዓሊው አንዳንዴ ፊልሙን አላየውም)። እዚህም ጥንቃቄ አለ። የኩባዎቹ ዛሬም በዛው በስክሪን ዘዴ እየተባዙ ስለሚሸጡ ማጉያ መነፅሩ ብዙም አይረዳህም፣ ወረቀቱንና የመጣበትን መንገድ ነው የምትጠይቀው። የጋናዎቹም ዛሬ ለሰብሳቢ በትዕዛዝ ይሳላሉ፣ ውሸት አይደሉም፣ ግን ተንጠልጥለው ፀሐይና አቧራ ከጠገቡት ጋር በአንድ ዋጋ መሸጥ የለባቸውም።

ሁለተኛው መንደር ያንተ 45/250 ያለበት ነው። እንደ ሞንዶ ያሉ አሳታሚዎች ከ2000ዎቹ ጀምሮ ለቆዩም ለአዲስም ፊልሞች አርቲስት ቀጥረው፣ ከስቱዲዮው ፈቃድ ገዝተው፣ በቁጥር የተወሰነ ስክሪን ፕሪንት ያወጣሉ። ኦሊ ሞስ በ2010 የሰራው የስታር ዋርስ ሶስትዮሽ ከነዚህ ስሙ የገነነው ነው። ይሄኛው ብርቅነት በአጋጣሚ የመጣ ሳይሆን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ 250 ይሁን ብሎ የወሰነው ነው፣ ደግሞም 250ዎቹን የገዙት ሰዎች ሁሉም እንደ እንቁላል ነው የሚጠብቋቸው፣ ሰላሳ አመት ቆይተህ ብትቆጥራቸው ብዙዎቹ ይኖራሉ። ቁጥሩ ዝቅ ማለቱን እርሳው። ስክሪን ፕሪንት አንድ ቀለም ለሁሉም ይታተማል፣ ይደርቃል፣ ሁለተኛው ቀለም ይደገማል፣ በመሀል ወረቀቱ ይደባለቃል፣ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ በእርሳስ ሲፃፍ የትኛው ቀድሞ እንደታተመ ማንም አያውቅም። 1/250 የሚወዱ ሰዎች አሉ፣ ለ45 ግን ተጨማሪ የሚከፍል አላየሁም። ዋጋ የሚለየው የአርቲስቱ ስም፣ ፊልሙ፣ ቫሪያንት የሚሉት በሌላ ቀለም የታተመ አነስተኛ እትም መሆኑ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፈቃድ ያለው መሆኑ ነው። ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቀው፣ ማን አሳተመው፣ ስክሪን ፕሪንት ነው ወይስ በኢንክጄት የታተመ። ስክሪን ከሆነ ወረቀቱን አጋድለህ በመስኮት ብርሃን ስታየው ቀለሙ በቀለም ላይ እንደተነባበረ ይታያል፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ እርከን አለው። ኢንክጄት ዝርግ ነው፣ በእርሳስ የተፃፈበት ቁጥር ይሄን አይለውጠውም።

ላሚኔት የምትለዋን በዚሁ እንዝጋት፦ አታድርገው፣ ይሄ ፖስተር ፎርጅድ ሆኖ ብታስቀረው እንኳን ልማዱን እንዳትለምድ። ፕላስቲኩ በሙቀት ከወረቀቱ ጋር ይዋሃዳል፣ ወደኋላ የሚመለስበት መንገድ የለም፣ እውነተኛ ፖስተር ላሚኔት ከተደረገ ሰብሳቢ አይነካውም። በሙቀት ካርቶን ላይ መለጠፍም ያው ነው። ካውያም እንዳታስጠጋበት። ፕላስተር ደግሞ፣ ያ ግልፅ የሆነው ስኮች፣ ከአስር አመት በኋላ ራሱ ይወድቃል፣ ሙጫው ግን ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ቡናማ መስመር ሆኖ ይቀራል፣ ከቅዱ የባሰ የሚያስቀይም እሱ ነው። የተቀደደ ወይ የሚሰባበር ከሆነ ባለሙያ ከስንዴ ስታርች በተሰራ ሙጫ በስስ ወረቀትና በአቡጀዲ ላይ ይለጥፈዋል፣ ይሄ በውሃ ተላቆ መመለስ የሚችል ነው፣ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ደህና የሆነውን ግን ዝም ብለህ አታስለጥፍ፣ ብዙ ገዢ ያልተነካውን ነው የሚመርጠው።

መስቀል ከፈለክ አልትራቫዮሌት የሚከለክል አክሪሊክ (መስታወት የመሰለ ፕላስቲክ) ያለው ፍሬም፣ ከኋላ አሲድ የሌለው ካርቶን፣ በወረቀቱና በአክሪሊኩ መሀል ትንሽ ክፍተት፣ እና ፀሐይ የማይመታው ግድግዳ። አክሪሊኩ የቀለሙን መደብዘዝ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፣ በተለይ ቀዩ ቶሎ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ እኔ የምወዳቸውን በየስድስት ወሩ እቀያይራለሁ። የማይሰቀለው ፖሊስተር በሆነ ግልፅ ከረጢት ገብቶ ተዘርግቶ ይቀመጥ፣ ፒቪሲ የሆነውን ያ የሚሸት ፕላስቲክ ተወው። እርጥበቱ ከ35 እስከ 50 በመቶ መሀል ቢሆን ጥሩ ነው፣ ከሱ በላይ ግን መዋዠቁ ነው የሚጎዳው። ቱቦ ለመላክ እንጂ ለማኖር አይደለም።

ገንዘብ ማስቀመጫ ይሆናል ወይ ላልከው፣ ላንተ አይሆንም። ስትሸጥ የጨረታ ቤቱ ከገዢም ከሻጭም ይቆርጣል፣ ገዢ እስኪመጣ ወራት ትጠብቃለህ፣ አማራጭ ፖስተር ላይ ደግሞ የወጣ ሰሞን ሶስት እጥፍ የተሸጠው ከሁለት አመት በኋላ በመነሻ ዋጋው ሲለመን አይቻለሁ። ፊልሙን ስለምትወደው፣ ግድግዳህ ላይ ስለምታየው ግዛ፣ ዋጋው ቢጨምር ምርቃት ነው።

እንግዲህ አንተን ብሆን የማደርገው እንዲህ ነው። ቨርቲጎን እተዋለሁ፣ ያንን ፊልም የግድ ከፈለኩ በ80ዎቹ መጀመሪያ እንደገና ሲኒማ ቤት ሲታይ የወጣውን ፖስተር ወይም የ1958ቱን አንድ ሎቢ ካርድ እፈልጋለሁ፣ ሁለቱም ከዋናው ፖስተር በብዙ ይረክሳሉ፣ እውነተኛም ናቸው። ባለ ቁጥሩን አሳታሚውን ካወቅኩና ስዕሉ ደስ ካለኝ ብቻ፣ በመነሻ ዋጋው አካባቢ እገዛዋለሁ። ከሁለቱም በፊት ማጉያ መነፅሩን። ከዛ አንድ ጠባብ መስመር እመርጣለሁ፣ የአንድ አገር፣ የአንድ አርቲስት ወይም የአንድ አስር አመት፣ ሁሉንም የሚሰበስብ ሰው ሁሉም ላይ ነው የሚታለለው።

ለሻጩ አሁኑኑ ፃፍለት፦ የታችኛው ቀኝ ጥግ በቅርብ፣ ሙሉ ጀርባው፣ ሜትር ተዘርግቶበት ቁመቱና ስፋቱ፣ እና የትንሿ ፅሁፍ ፎቶ በማጉያ መነፅር። ፎቶ እስኪያነሳ ድረስ ሰበብ ካበዛ የከፈልክበትን መንገድ ተመልከት፣ በካርድ ወይም ለገዢ ዋስትና በሚሰጥ መንገድ ከሆነ የቅሬታ ቀን ገደብ አለው፣ የሱን ምላሽ ስትጠብቅ እንዳያልፍብህ።